ጫጩትን ከብርድ የማዳን ልማድ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ

ጫጩት ከእንቁላል ስትወጣ ላባ የላትም። የሚሸፍናት ለስላሳ ጠጉር ከደረቀ በኋላም ሙቀት አምቆ የመያዝ ዐቅሙ ትንሽ ነው፤ የሰውነቷን ሙቀት ራሷ መቆጣጠር የምትችለው ላባ እያወጣች ስትሄድ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ዙሪያዋ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሞቅ አለበት። ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየተቀነሰ ይሄዳል፤ 20 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ፣ ማለትም በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ሳምንት፣ ያለ ማሞቂያ ማደር ትችላለች። በአጅባርና በመካነ ሰላም ደጋ ግን ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች መውረዱ ብርቅ አይደለም። እዚያ ጫጩት አሳድጎ ለዶሮነት ማብቃት ከውጪው አየር ከ20 እስከ 25 ዲግሪ የሚበልጥ ሙቀት ያለው ጥግ በቤት ውስጥ ማበጀትን ይጠይቃል። የአካባቢው ሰው ቴርሞሜትር ሳይኖረው ይህን ለዘመናት ሲያደርገው ኖሯል።

አጅባር የአማራ ሳይንት፣ መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተሞች ናቸው። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከዙሪያዋ ያሉት ተራሮች ከዚያም በላይ ይወጣሉ። በሌላ ወገን የአባይና የበሽሎ ሸለቆዎች መሬቱን ቆርጠው ስለሚወርዱ፣ ከደጋው አፋፍ የግማሽ ቀን መንገድ ቁልቁል የወረደ መንገደኛ ማሽላ ከሚበቅልበት ቆላ ይደርሳል። በቆላው ዶሮ ዛፍ ላይ ወይም ከቤቱ ውጪ በተሠራ ቆጥ ላይ ብታድር የሚያሰጋት አውሬ እንጂ ብርድ አይደለም። በደጋው ግን ሁለቱም አሉ፤ ብርዱም ሁለት ዓይነት ነው። ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ያለው እርጥብ ብርድ ነው፤ ዝናቡ፣ ጉሙና ጭቃው መኝታውን ሁሉ ያረጥባል። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ደግሞ ደረቅ ነው፤ ቀኑ ፀሐይ ነው፣ ሌሊቱ ውርጭ። ለጫጩት የከፋው የመጀመሪያው ነው። እርጥብ ጠጉር ሙቀት አይይዝም፤ እርጥብ መኝታ ላይም በሽታ ይራባል። ስለዚህ አርሶ አደሮች እንቁላል ማስታቀፍ የሚመርጡት ዝናቡ ካበቃ በኋላ ነው። በዚያ ወቅት አዝመራው ስለሚሰበሰብ በአውድማው ዙሪያ የሚለቀም ፍሬ አለ፤ ውርጩን ደግሞ ቤቱ ይመክተዋል።

ዶሮ ለኢትዮጵያ ደጋ አዲስ እንግዳ አይደለችም። በምሥራቅ ትግራይ መዝበር ከተባለ ከአክሱም በፊት የነበረ የመንደር ፍርስራሽ የተገኙ የዶሮ አጥንቶች ከ2,500 ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው ናቸው፤ ጥናቱን ሄሊና ወልደኪሮስና ካትሪን ዳንድሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 አሳትመውታል። የዶሮ የዱር ዘመድ የሚኖረው ሞቃታማና እርጥበት ባለው የደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ ውስጥ ነው። ከዚያ የመጣች ወፍ 2,000 ሜትርን ዘልቃ ደጋ ላይ ዘር ልትተካ የቻለችው ሰው ከራሱ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ስላስገባት ነው።

የቆየው የደጋ ቤት ለዚህ የተመቸ ነበር። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ክዳኑ ወፍራም ሣር ነው፤ በሩ ጠባብ ነው፤ መስኮት ብዙ ጊዜ የለውም። በመሃል ምድጃው አለ። በአንድ ወገን ሰው የሚተኛበት መደብ፣ በሌላው ወገን ጋጣው ይገኛል፤ በአንዳንድ የወሎና የሰሜን ሸዋ ደጋዎች ደግሞ ከብቱ ከታች፣ ሰው ከላይ የሚያድርበት ደርብ ያለው ቤት ይሠራ ነበር። በጋጣው የሚያድሩት ላሞችና በሬዎች ብቻ አይደሉም። ገና ያልጠነከረ ጥጃ ከእናቱ ተለይቶ በቤቱ ጥግ ይታሰራል። በብርድ ወራት የተወለደ ግልገልም ጤዛው እስኪረግፍ ከደጅ አይወጣም። አንድ ጎልማሳ በሬ ቆሞ ሲያመነዥክ የሚለቀው ሙቀት ከአንድ ትልቅ የኤሌክትሪክ አምፖል ይልቃል፤ ሁለትና ሦስት ከብት ያለበት ቤት ያለ እሳትም ከውጪው በብዙ ይሞቃል። በዚያ ላይ ማታ የሚዳፈነው እሳት አለ። እንጨት በተራቆተው ደጋ ዋናው ማገዶ ኩበት ነው፤ ኩበት ደግሞ ነበልባሉ ደካማ ቢሆንም አመድ ተከድኖበት እስከ ንጋት ይግማል። የዶሮ ቆጥ ከጋጣው በላይ ወይም ከምድጃው ብዙ ሳይርቅ የሚሠራው ሙቀት ወደ ላይ ስለሚወጣ ነው። ጭሱም የራሱ ሥራ ነበረው፤ ክዳኑንና ቆጡን እያጠነ ተባይ ይቀንሳል። የሰውን ዓይንና ሳንባ እንደሚጎዳ ግን አይካድም።

ማስታቀፉ የሴቶች ሥራ ነው። ባለቤቲቱ መጀመሪያ ዶሮዋን ትመርጣለች፤ ገላዋ ሰፊ፣ ጠባይዋ የረጋ፣ ከዚህ በፊት ጫጩት አሳድጋ የተመሰገነች መሆን አለባት። መታቀፍ የያዛት ዶሮ ከጎጆዋ አልነሣም ትላለች፣ ላባዋን ነፋ ታደርጋለች፣ ሰው ሲጠጋት ታጉረመርማለች። ጎጆው በጨለማና ጸጥ ባለ ጥግ ይዘጋጃል፤ ስባሪ ገንቦ ወይም ያረጀ ቅርጫት ይበቃዋል፤ ውስጡ የጤፍ ወይም የገብስ ጭድ ይጎዘጎዝበታል። እንቁላሎቹ ብዙውን ጊዜ 13 ገደማ ናቸው፤ ከዚያ ከበዙ ከዶሮዋ ደረት ውጪ የሚቀሩት ይበርዳሉ። የቆየውን እንቁላል ከትኩሱ ለመለየት ጆሮ አስጠግቶ መነቅነቅ ወይም ውኃ ውስጥ መክተት የተለመደ ነው፤ የሚንሳፈፈው ይጣላል። ዶሮዋ በቀን አንዴ ለመብላትና ለመጠጣት ትነሣለች። በ21ኛው ቀን ጫጩቶቹ ቅርፊቱን ሰብረው ይወጣሉ።

ከዚህ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት ወሳኝ ናቸው። ጫጩቷ ከእንቁላሉ አስኳል የቀረላት ስንቅ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ስለሚበቃት መጀመሪያ የምትሻው ምግብ ሳይሆን ሙቀት ነው። የእናቲቱ ሰውነት 41 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። ክንፏን ከፈት አድርጋ ስትቀመጥ ጫጩቶቹ ከሥሯ ይገባሉ፤ ሲሞቃቸው አንገታቸውን ብቅ ያደርጋሉ፣ ሲበርዳቸው ተመልሰው ይሸሸጋሉ። የትኛውም ማሞቂያ ይህን ያህል ራሱን አይቆጣጠርም። ባለቤቲቱ እናቲቱን ከነልጆቿ በቅርጫት ከድና ከምድጃው አጠገብ ታስቀምጣለች፤ የተፈጨ እህል ወይም የእንጀራ ፍርፋሪ ትበትንላቸዋለች፤ ውኃ በጣባ ታቀርባለች። ጣባው ጥልቀት ካለው ጠጠር ይጨመርበታል፣ ጫጩት በሁለት ጣት ውኃ ሰምጣ ትሞታለችና። ፀሐይ ሲወጣ ቅርጫቱ ወደ ደጅ ይወጣል፤ ጥላ ሲያጠላ ይመለሳል። በቅርጫቱ ፍንጭት አየር ይገባል፤ ጭልፊትና ሽለምጥማጥ ግን አይገቡም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ባለበትም ኪሳራው ከባድ ነበር፤ አሁንም ነው። በኢትዮጵያ ገጠር ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት በመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት እንደሚሞቱ ጥናቶች ደጋግመው ጽፈዋል። ገዳዮቹ ብርድ፣ አውሬ፣ የምግብ እጥረትና ከሁሉ በላይ ፈንግል ናቸው። የእናት ሙቀትም በነፃ የሚገኝ አይደለም። የሐበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብቻ ነው ሲባል ስንፍናዋ ብቻ ይነገራል፤ ሦስት ሳምንት ታቅፋ፣ ከዚያ ሁለት ወር ገደማ ልጆቿን እየመራች እንቁላል መጣል ማቆሟ ይዘነጋል። ይህ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ከዓመቱ ግማሽ የሚቀርበው ወይም ከግማሽ የሚበልጠው በሞግዚትነት ያልፋል። ሴቶቹ ይህን ያውቁታል፤ እንቁላል ለገበያ በሚፈልጉበት ጊዜ መታቀፍ የያዛትን ዶሮ ጎጆዋን በማፍረስ፣ ቁልቁል በማንጠልጠል ወይም ጎረቤት ቤት ወስዶ በማሰር ሐሳቧን ያስለውጧታል።

ሙቀትን ከእናት ዶሮ የመለየት ሙከራ በሌላው ዓለም ረጅም ዕድሜ አለው። ከቦረና አፋፍ ሥር የሚያልፈው የአባይ ውኃ በሚደርስባት ግብፅ፣ ከጥንት ጀምሮ በጭቃ ጡብ በተሠሩ ምድጃ መሰል ቤቶች በሺሕ የሚቆጠር እንቁላል በአንድ ጊዜ ይፈለፈል ነበር። ባለሙያዎቹ የሙቀቱን ልክ የሚያውቁት እንቁላሉን የዓይናቸው ሽፋን ላይ በማስነካት ነበር። ፈረንሳዊው ሬኦሚር በ18ኛው ክፍለ ዘመን የግብፆችን ጥበብ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1749 መጽሐፍ አሳተመ፤ ለተፈለፈሉት ጫጩቶችም ውስጡ የበግ ለምድ የተለበጠ ሳጥን ሠርቶ “ሰው ሠራሽ እናት” ብሎ ሰየመው። የወሎ ደጋ ሰው ለምድና ባና ለብሶ ብርድን ሲከላከል የኖረ በመሆኑ ይህ ሐሳብ አይደንቀውም ነበር። ነገር ግን የግብፅ ምድጃም ሆነ የሬኦሚር ሳጥን ወደዚህ ደጋ አልዘለቀም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ 13 እንቁላል ለሚያስታቅፍ ቤተሰብ ዶሮዋ ራሷ ከሁሉም የረከሰች መፈልፈያ ናት። በዚያ ላይ ከፍታው ሌላ እንቅፋት አለው፤ ከ2,500 ሜትር በላይ ኦክስጅን ስለሚሳሳና እንቁላሉ ውኃውን ቶሎ ስለሚያጣ፣ በማሽን የሚፈለፈል እንቁላል እዚያ ውጤቱ ይቀንሳል።

ነገሩ የተለወጠው የፈረንጅ ዶሮ ሲመጣ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የዓለማያና የጅማ የግብርና ኮሌጆች፣ በኋላም ግብርና ሚኒስቴር፣ እንደ ዋይት ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድ ያሉ ዝርያዎችን አስገብተው ማሠራጨት ጀመሩ። ሌግሆርን በተመቸ አያያዝ በዓመት ከ200 በላይ እንቁላል ትጥላለች። ይህን የምታደርገው የመታቀፍ ጠባይዋ በመራቢያዎች እጅ ለብዙ ትውልድ እየተመረጠ ስለጠፋ ነው። የፈረንጅ ዶሮ የያዘ ገበሬ እንቁላል አገኘ፤ እናት ግን አጣ። ጫጩቶቹ ከማሽን ይወጣሉ፣ በካርቶን ይጓዛሉ፣ ክንፍ የሚዘረጋላቸው የለም።

መንግሥት ለዚህ ያገኘው መልስ ብርዱን በገበሬው ፋንታ ራሱ መወጣት ነበር። በአማራ ክልል የኮምቦልቻና የአንዳሳ የዶሮ ማባዣ ጣቢያዎች ጫጩት ፈልፍለው፣ በኤሌክትሪክ አሙቀው፣ ክትባት ሰጥተው፣ ሦስት ወር ገደማ ሲሞላቸው ቄቦችንና አውራዎችን ለገበሬ ያከፋፍላሉ። የጣቢያዎቹ አቀማመጥ ራሱ ነገሩን ያሳያል፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር፣ አንዳሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ ሁለቱም ወይና ደጋ። ጫጩቷ ላባ እስክታወጣ በሞቀው አገር ትቆያለች፣ ከዚያ ወደ ሳይንትና ወደ ቦረና ትወጣለች። ችግሩ የሦስት ወር ቄብ ብዙ መኖ በልታ፣ ብዙ መብራት ፈጅታ የምታድግ በመሆኗ ዋጋዋ መክበዱ ነው፤ ቁጥሯም ከፈላጊው ጋር ተመጣጥኖ አያውቅም። ደሴን አልፎ እስከ ምዕራቡ ደጋ ያለው መንገድም ቀላል አልነበረም።

የአንድ ቀን ጫጩት ርካሽ ናት፤ በአንድ ካርቶን 100 ትጫናለች። ግን ማን ያሙቃት? መብራት ባለበት ከተማ 250 ዋት የሚፈጅ ቀይ አምፖል ይሰቀልላታል፤ መብራት አንድ ሌሊት ከጠፋ ግን ጫጩቶቹ በአንድ ጥግ ተደራርበው፣ ከሥር ያሉት ታፍነው ያድራሉ። መብራት በሌለበት ገጠር ፋኖስ ወይም ኩራዝ ተሞክሯል፤ ኩራዙ ጥቂት ይሞቃል፣ ብዙ ያጨሳል፣ ጭድ ላይ ከወደቀም ቤት ያቃጥላል። በብዛት የሚሠራበት ከሰል ነው፤ በሸክላ ወይም በብረት ምድጃ ተቀጣጥሎ በክፍሉ መሃል ይቀመጣል። ክፍሉ ከተዘጋ የከሰሉ መርዝ ጫጩቶቹንም ጠባቂውንም ይገድላል፤ ከተከፈተ ደግሞ ብርዱ ይገባል። በከሰል ጫጩት ያሳደገ ሰው ሌሊቱን በእንቅልፍና በመስኮት መካከል ነው የሚያሳልፈው።

እዚህ ላይ ነው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ሰሎሞን ደመቀ የድርቆሽ ሳጥንን፣ በግብርና ባለሙያዎች አፍ ሄይ ቦክስ የሚባለውን፣ ለኢትዮጵያ ገጠር እንዲስማማ መርምረው ያቀረቡት፤ ለገጠር ቤተሰብ ያለውን ተስማሚነት የሚመለከተው ጽሑፋቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ወጥቷል። ሐሳቡ ከእሳት ተቃራኒ ነው፤ ሙቀት ከውጪ አያመጣም፣ ጫጩቶቹ ራሳቸው የሚያመነጩትን እንዳይባክን ይይዛል እንጂ። ሳጥኑ ከጣውላ ወይም ከአጣና ይሠራል። በውስጡ በወንፊት ሽቦ የታጠረ ጠባብ ማደሪያ አለ፤ በማደሪያውና በውጪው ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት በደረቅ ድርቆሽ ይጠቀጠቃል። ከላይ ድርቆሽ የተሞላ ክዳን ይደረብበታል። በአንድ ወገን ያለች ትንሽ በር ጫጩቶቹን ቀን ቀን ወደሚበሉበትና ወደሚጠጡበት አጥር ታወጣቸዋለች፤ ሲበርዳቸው ራሳቸው ይመለሳሉ።

አሠራሩ ቀላል ቢመስልም ልክ አለው። ጫጩቶቹ ጥቂት ከሆኑ ሳጥኑን አያሞቁትም፤ እጅግ ከበዙ እርጥበትና የኩስ ሽታ ያፍናቸዋል፣ ዓይናቸው ያለቅሳል። ድርቆሹ ከረጠበ ሥራውን ያቆማል፤ ስለዚህ በክረምት በየጊዜው መቀየር፣ መኝታውንም በደረቅ ጭድ ወይም ፍቅፋቂ መተካት ያስፈልጋል። የሙቀቱን ልክ የሚናገሩት ጫጩቶቹ ናቸው። በአንድነት ተጠጋግተው ከፍ ባለ ድምፅ የሚጮኹ ከሆነ በርዷቸዋል፤ ክንፋቸውን ከፍተው አፋቸውን ከፍተው ከግድግዳው ዳር የተበተኑ ከሆነ ሞቋቸዋል። በየቦታው ተዘርግተው ጸጥ ብለው የተኙ እንደሆነ ክዳኑን መነካካት አያስፈልግም። ለደጋው ባለቤት ከሳጥኑ ዕቃ እንግዳ የሚሆንበት ሽቦው ብቻ ነው፤ ጭድ ብርድ እንደሚመክት፣ ጠባብ ጎጆ ከሰፊ እንደሚሞቅ የአስታቃፊዎቹ የቆየ እውቀት ነው። ከአሠራሩ እንግዳው ነገር በመሃሉ እናት አለመኖሯ ነው። እናት ዶሮዋ ከሞግዚትነት ስትገላገል በጥቂት ሳምንት ውስጥ ወደ እንቁላል መጣል ትመለሳለች፤ ስለዚህ ሳጥኑ ለፈረንጅ ዶሮ ብቻ ሳይሆን ለሐበሻዋም ጥቅም አለው።

ሳጥኑ በተሞከረበት በዚያው ዘመን ቤቱም ይለወጥ ነበር። ከ1990ዎቹ (ዓ.ም.) አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው የተሠማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከሚያስተምሯቸው ነገሮች አንዱ የእንስሳትን ማደሪያ ከሰው መኖሪያ መለየት ነው። ቁንጫው፣ ጭሱና ከእንስሳ ወደ ሰው የሚተላለፈው በሽታ ትምህርቱን ትክክል ያደርጉታል። የሣር ክዳንም በቆርቆሮ እየተተካ ሄደ። ቆርቆሮ ዝናብ አያስገባም፣ ብዙ ዓመት ይቆያል፣ የባለቤቱንም ክብር ያሳያል፤ ሙቀት ግን አይይዝም፤ ሌሊት እንደ በረዶ ይቀዘቅዝና ትንፋሹን ወደ ጠብታ ለውጦ መኝታ ላይ ያንጠባጥባል። ሰውየው ባናውን ይደርባል። ከቤት ወጥቶ ብቻውን በቆርቆሮ ጎጆ የገባ ጥጃና ጫጩት ግን የከብቱን ትንፋሽም፣ የተዳፈነውን እሳትም፣ የሣሩን ክዳንም በአንድ ጊዜ ነው ያጣው። ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ መሰል የሣር ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ሽፋን መወጠር፣ ወለሉን በጭድ ማወፈር፣ ነፋስ የሚመጣበትን ግድግዳ በጭቃ መምረግ የመጡት ከዚህ ወዲህ ነው።

ያለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ጫጩት የማሞቁን ሥራ ለሦስተኛ ወገን አስተላልፈውታል። እ.ኤ.አ. በ2010 በመቀሌ የተጀመረው ኢትዮቺክን የአንድ ቀን ጫጩቶችን በየአካባቢው ላሉ አሳዳጊዎች ይሸጣል፤ አሳዳጊዎቹ ከ45 እስከ 60 ቀን አሙቀውና አስከትበው ለገበሬ ያስረክባሉ። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም በኢትዮጵያ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ባካሄደው የዶሮ ዝርያ ፕሮጀክትም ለገበሬዎቹ የተሰጡት ዶሮዎች 6 ሳምንት የሞላቸው ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ዶሮና እንቁላልን ከዋና ዋና ትኩረቶቹ አንዱ ሲያደርግ የአሳዳጊዎቹ ቁጥር እንዲጨምር ተፈልጓል። በየከተማው ጫጩት ለማሳደግ ተደራጅተው ክፍል የሚከራዩ ወጣቶች ዋና ወጪያቸው መኖና ሙቀት ነው።

ጫጩት በአንድ ክፍል ተሰብስባ በምትሞቅባቸው ሳምንታት ክትባት መስጠትም ይቀላል። ቢሾፍቱ የሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም የሚያመርተው የፈንግል ክትባት በዓይን ጠብታ ወይም በመጠጥ ውኃ ይሰጣል፤ ጫጩቶቹ በየጓሮው ከተበተኑ በኋላ ይህን ማድረግ ከባድ ነው። በደጋው የአሳዳጊው ሥራ የሚያበቃው የጫጩቶቹ ጀርባና ክንፍ በላባ ሲሸፈን ነው። በመጨረሻው ሳምንት ማሞቂያው መጀመሪያ ቀን ቀን፣ ቀጥሎ ሌሊት ይነሣል፤ ሁለት ሦስት ሌሊት ሳይደራረቡ ካደሩ ወደ ገበሬው ቤት ይሄዳሉ፤ እዚያም ከነባሮቹ ዶሮዎች ጋር በቆጥ ላይ ያድራሉ።